ሊኑክስ ጫናችሁ፤ ዘፈኑንስ በምን ትከፍቱታላችሁ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቆየት ያሉ ኮምፒዩተሮችን አልቀበልም ይላል። ወረታም ሆነ ደብረ ታቦር ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ምንም ያልሆነ ማሽን "ጊዜው አልፎበታል" ተባለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ከመጣል ማዳኛው አንዱ መንገድ ሊኑክስ መጫን ነው። ነጻ ነው፣ ክራክ ፍለጋ የለም፣ እንደ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ያሉት ቀለል ያሉ ዓይነቶቹ ደግሞ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ደህና ይሠራሉ።

"ሊኑክስ ለእኛ አይሆንም" የምትሉ ካላችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ ራሱ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። በጣም የታወቀው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ስሙን የወሰደው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው።

ከተጫነ በኋላ ግን ቶሎ የምትመጣ ጥያቄ አለች፦ "የለመድኩት ማጫወቻ የለም፤ ዘፈኔን በምን ልክፈት?" የሶፍትዌር ማዕከሉን ከፍታችሁ "ሙዚቃ" ብላችሁ ስትፈልጉ ደርዘን ሙሉ ማጫወቻ ይደረደራል። ሁሉም ነጻ ነው፣ ሁሉም "ምርጡ እኔ ነኝ" ይላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ማነጻጸሪያዎች ደግሞ ለእኛ ብዙም አይሆኑም። አብዛኞቹ የሚጻፉት ዘፈኑን ከሲዲ በሥርዓት ገልብጦ ወይም ኦንላይን ገዝቶ ላስቀመጠ ሰው ነው። የእኛ ዘፈን አመጣጥ ሌላ ነው። ሞባይል ቤት ሄደን በሚሞሪ አስጭነን፣ ከጓደኛ ፍላሽ ገልብጠን፣ ከቴሌግራም አውርደን፣ ሰርግ ላይ በስልክ ቀድተን ነው የሰበሰብነው። "ኦንላይን ስማው" የሚለው ምክርም እዚህ አይሠራም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ዘፈን የነበረው በፍላሹና በሚሞሪው ላይ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ማጫወቻ ከመምረጣችሁ በፊት መጀመሪያ ዘፈናችሁ እንዴት እንደተቀመጠ እዩት። ምርጫው ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

ፎልደር ወይስ መዝገብ?

ማጫወቻዎችን በሁለት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ፎልደሩን እንዳለ ይከፍታሉ። "የሰርግ ዘፈን" የሚል ፎልደር ካላችሁ እሱን ትሰጡታላችሁ፣ ከላይ እስከ ታች ያጫውታል። ሌላ ጣጣ የለውም።

ሁለተኛዎቹ ግን ዲስካችሁን ሙሉ ፈትሸው መዝገብ ያዘጋጃሉ። "ላይብረሪ" የሚሉት ይሄንን ነው። ዘፈኖቹን በዘፋኝ፣ በአልበም፣ በዓመት ይደረድሩላችኋል። ያምራል። ግን ይሄን መረጃ የሚያገኙት ከፋይሉ ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው መታወቂያ ነው፤ "ታግ" ይባላል።

የሩዝ ጆንያ አስቡ። ጆንያው ላይ በቀለም የተጻፈ ምልክት አለ፤ ያ የፋይሉ ስም ነው። ውስጡ ደግሞ የባለቤቱን ስምና የሩዙን ዓይነት የያዘች ወረቀት ተከታለች እንበል፤ ያቺ ታግ ናት። መዝገብ የሚያዘጋጀው ማጫወቻ የሚያነበው የውስጧን ወረቀት ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ የሚዞሩት ዘፈኖች የውስጥ ወረቀታቸው ወይ ባዶ ነው፣ ወይ "ትራክ 01" ይላል፣ ወይ ዘፈኑን የጫነው ቤት በዘፋኙ ቦታ የራሱን ስምና ስልክ ጽፎበታል። አንዳንዱ ላይ አስቴር አወቀ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፋለች። ማጫወቻው ሰው አይደለማ! ሦስት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው ብሎ በሦስት ቦታ ያስቀምጣታል። ስም የሌላቸውን ደግሞ "ያልታወቀ" በሚል አንድ ክምር ውስጥ ይጨምራቸዋል። ከዚያ ተጠቃሚው "ሊኑክስ ዘፈኔን አበላሸው" ይላል። ሊኑክስ ምንም አላበላሸም፤ ዘፈኖቹ ድሮም መታወቂያ አልነበራቸውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ፎልደር ብቻ መዝገብ ባለው ማጫወቻ ውስጥ አስገቡና የዘፋኞችን ዝርዝር እዩ። አብዛኛው ሰው ስሙ በትክክል ከወጣ መዝገብ ይሆናችኋል። ግማሹ "ያልታወቀ" ውስጥ ከገባ ግን ለጊዜው በፎልደር የሚሠራውን ያዙ።

ማጫወቻዎቹ በየተራ

1. ኦዴሺየስ

ፎልደር ላለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። በጣም ቀላል ነው፤ አሮጌ ኮምፒዩተርን አያስጨንቅም። ፎልደሩን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፣ ይጫወታል። በአንድ ጊዜ ብዙ ዝርዝር ጎን ለጎን መክፈት ይቻላል፤ አንዱ ለሰርግ፣ አንዱ ለመዝሙር፣ አንዱ ለሥራ ሰዓት። ድምፅ ማስተካከያው ኢኳላይዘርም አብሮት አለ።

በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ዊንአምፕን የለመዳችሁ ደግሞ ትወዱታላችሁ። የዘር ሐረጉ ዊንአምፕን አስመስሎ ከተሠራው ኤክስኤምኤምኤስ ከተባለ የድሮ የሊኑክስ ማጫወቻ የሚመዘዝ ነው፤ እስከ ዛሬም የዊንአምፕን የድሮ መልክ መልበስ ይችላል።

2. ሪትምቦክስ

ሊኑክስ ሚንት ከጫናችሁ ብዙ ጊዜ አብሮ ተጭኖ ታገኙታላችሁ። ኡቡንቱም ለረጅም ጊዜ ይዞት ኖሯል። መዝገብ ከሚያዘጋጁት ወገን ነው። ዘፈኖቻችሁ ደህና ታግ ካላቸው ንጹሕና የማያስቸግር ማጫወቻ ነው፤ ፖድካስትና የኢንተርኔት ሬዲዮም ይከፍታል። ኢኳላይዘር ግን አብሮት አይመጣም፤ ቤዝ ካልጨመርኩ አልሰማም የምትሉ ይሄ ያበሳጫችኋል።

3. ስትሮውቤሪ

ብዙ ዘፈን ላለውና ጊዜ ወስዶ ለሚያስተካክል ሰው ይሄ ይሻላል። መዝገብም አለው፣ በፎልደርም ይከፍታል፣ ታግ ማረሚያም አለው፣ ኢኳላይዘርም አለው። በታጉ መሠረት ፋይሎቹን በየዘፋኙ ፎልደር የሚያደራጅ መሣሪያም ይዟል። ታሪኩ ራሱ ትምህርት ስላለው ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

4. ቪኤልሲ

ቪዲዮ ለማየት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ በተማሪዎች ፕሮጀክት የተጀመረ ነው። ሺ ዘፈን ለማስተዳደር አይመችም፤ ነገር ግን ሌላው "አልከፍትም" ያለውን ፋይል እሱ ይከፍታል። ስለዚህ ሌላ ማጫወቻ ብትመርጡም ቪኤልሲ ከጎኑ ይኑር።

ኤሊሳ የሚባል መልኩ የሚያምር ማጫወቻም አለ፤ ኬዲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ታገኙታላችሁ። እሱም ታግ ይፈልጋል። በጣም ደካማ ኮምፒዩተር ላላችሁና በጽሑፍ ትዕዛዝ መሥራት ለማትፈሩ ደግሞ ያለ ምንም ሥዕል በጥቁር መስኮት ውስጥ የሚሠራ ሲመስ የሚባል አለ።

አማርኛው ላይ የሚያጋጥሙ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ሳጥን ሳጥን። የዘፈኑ ስም በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ማጫወቻው አልተበላሸም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የአማርኛ ፎንት የለም ማለት ነው። ከሶፍትዌር ማዕከሉ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑ፣ ማጫወቻውን ዝጉና እንደገና ክፈቱት። አማርኛ ለመጻፍ ደግሞ አይባስ ከሚባለው የኪቦርድ መሣሪያ ጋር አማርኛውን መጨመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት። ይሄ ከሳጥኑ ይለያል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ሲጻፍ የነበረው የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው በተሠሩ ፎንቶች ነው። በእነዚያ የተጻፈ ታግ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ነገር ይመስላል። የትኛውም ማጫወቻ አይፈታውም፤ በእጅ እንደገና መጻፍ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ የፊደሎቻችን ሞክሼነት። ለእኛ ጥላሁን ገሠሠም ጥላሁን ገሰሰም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን "ሠ" እና "ሰ" እንደ "ለ" እና "መ" የተለያዩ ናቸው። ማህሙድ፣ ማሕሙድ፣ መሐሙድ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሦስት ዘፋኝ ፈጠራችሁ። አንዱን ስትፈልጉ ሁለቱ አይመጡም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ምረጡና በዚያው ጽኑ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለመምህራን ተዉት፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ሁሌም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ላቲን የምትጠቀሙም ብትሆኑ ያው ነው። በተጨማሪ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። በትልቅ ፊደል የጀመረ ፎልደርና በትንሽ የጀመረ ፎልደር ዊንዶውስ ላይ አንድ ናቸው፤ እዚህ ግን ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

ታግ ለማስተካከል ኪድ3 እና ኢዚታግ የሚባሉ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። የፋይሉ ስም "ዘፋኝ - ርዕስ" በሚል መልክ ከተጻፈ፣ ከስሙ ላይ ወስደው ታጉን ለመቶ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይሞሉላችኋል። ከኢንተርኔት መዝገብ ፈልገው በራሳቸው የሚሞሉም አሉ፤ እነሱን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። እኛ አገር የሚዞር ስንት ዘፈን እዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ የሰፈራችሁ የሰርግ ቀረጻማ ጭራሽ።

የድጓ ተማሪውና የስልክ ቀረጻው

ማጫወቻ ማለት ለዘፈን ብቻ አይደለም። ዞናችን የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ቤተልሔም ያለው ጋይንት ነው። የመምህሩን ዜማ በስልክ ቀድቶ ደጋግሞ የሚያጠና ተማሪ ዛሬ አዲስ ነገር አይደለም። ለእሱ የዘፋኝ ዝርዝርና የአልበም ሥዕል ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው አንዷን ሐረግ ደጋግሞ መስማት ነው።

ለዚህ ቪኤልሲን የሚያህል የለም። በእይታ ዝርዝሩ ውስጥ ተጨማሪ መቆጣጠሪያዎችን ስታበሩ መጀመሪያና መጨረሻ የሚያመለክት ቁልፍ ይመጣል። ሐረጉ ሲጀምር አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ ትጫኑታላችሁ፤ በመሃል ያለውን እስኪበቃችሁ ይደግመዋል። ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል፤ ድምፁ ብዙም ሳይጎረንን ዝግ ይላል። ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ለሚለማመድም ይሄው ይሠራል።

ሌላው የድሮ የስልክ ቀረጻ ነው። የአያታችሁ እንጉርጉሮ፣ የአንድ ሰርግ ሽለላ፣ የሟች ዘመድ ድምፅ በድሮ ባለቁልፍ ስልክ የተቀዳ ከሆነ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ኤኤምአር ወይም 3ጂፒ በሚባል ዓይነት ነው ያለው። አንዳንድ ማጫወቻ ተጨማሪ ካልተጫነለት አያየውም፤ መዝገቡ ውስጥም አያስገባውም። "የለም" ብላችሁ እንዳታጠፉት! በቪኤልሲ ሞክሩት።

ዳታ ሳይበላ መጫን

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫነው ከኢንተርኔት ስለሆነ እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ይቀርባል፦ የሲስተሙ የራሱ ፓኬጅ፣ ወይም ፍላትፓክ እና ስናፕ የሚባሉት። ሁለተኛዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ተሸክመው ስለሚመጡ በመቶዎች ሜጋ ሊበሉ ይችላሉ። የሲስተሙ ፓኬጅ ግን ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ስለሚጠቀም ብዙ ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። ሊኑክስ ሚንት ላይ ከመጫናችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ያሳያችኋል፤ የሲስተሙን ምረጡ።

ኡቡንቱን ስትጭኑ ደግሞ ለተጨማሪ የሚዲያ ዓይነቶች የሚል ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለ፤ አትዝለሉት። የኤምፒ3 የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪያበቃ ድረስ ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ኤምፒ3 መክፈቻ ሳይዙ ነበር የሚመጡት። አሁን እሱ ተቃሏል፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ግን ያቺ ምልክት አሁንም ትጠቅማለች። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ፣ ባሕር ዳርም ሆነ የሆነ መሥሪያ ቤት፣ ማጫወቻውን፣ ቪኤልሲን፣ ፎንቱንና የታግ ማረሚያውን በአንድ ጊዜ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ዳታ ባይኖርም ዘፈኑ ይጫወታል።

ማጫወቻው ያልፋል

አሁን ወደ ስትሮውቤሪ ታሪክ። አማሮክ የሚባል በጣም የተወደደ የሊኑክስ ማጫወቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሁለተኛው እትሙ ብዙ ነገር ቀይሮ ሲመጣ የድሮውን የወደዱ ተቆጡ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የድሮውን ወስደው ክሌመንታይን የሚባል ሌላ ሠሩ። ክሌመንታይንም ከ2016 በኋላ ቀዘቀዘ፤ ከእሱ ደግሞ በ2018 ስትሮውቤሪ ወጣ። አማሮክ ራሱ ሞተ ሲባል ቆይቶ በ2024 ሦስተኛ እትሙን አወጣ።

የክፍት ኮድ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ አንዱ ቢተወው ሌላው ያነሳዋል። ግን በየመሃሉ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ለዓመታት ያዘጋጁት ዝርዝር፣ የሰጡት ኮከብ፣ የለዩት የተወደደ ዘፈን የተቀመጠው ማጫወቻው የራሱ መዝገብ ውስጥ ነበር። ማጫወቻው ሲቀየር አብሮ ቀረ። ሪትምቦክስም ኮከቡን የሚጽፈው በራሱ መዝገብ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ላይ መብራት በድንገት ጠፍቶ መዝገቡ ቢበላሽም ያው ነው።

ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ ይሄን አድርጉ፦

ዋናው ነገር በፋይሉ ስምና በታጉ ላይ ይጻፍ። የማን ድምፅ ነው፣ የት ተቀዳ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ያ ከፋይሉ ጋር ወደ የትኛውም ኮምፒዩተርና ስልክ ይሄዳል።

የዘፈን ዝርዝር ስታዘጋጁ ኤም3ዩ በሚባለው ዓይነት አውጥታችሁ ከዘፈኖቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ብዙ ማጫወቻዎች ያነቡታል።

ፍላሽ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ገልብጡ እንጂ ፍላሹን ራሱን መዝገብ አታድርጉት፤ ሲነቀል ዘፈኖቹ ከማጫወቻው ይጠፋሉ። ስትነቅሉም "ኢጀክት" ሳትሉ አትንቀሉ።

ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቤት ይኑር። አምስት ደቂቃ የሚሆን ኤምፒ3 በተለመደው 128 ጥራት 5 ሜጋ አይሞላም። 8 ጊጋ ፍላሽ ከ1,600 በላይ ይይዛል። ፎገራ ሜዳ ላይ ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ምን እንደሚያደርጉ ለእናንተ አይነገርም። አንዷ ፍላሽ ደጋ ካለ ዘመድ ዘንድ፣ ደብረ ታቦር ወይም ሌላ ቦታ ብትቀመጥ ምንም አትጎዳም። ገበያ ላይ ያለ ዘፈን ቢጠፋ እንደገና ይጫናል። የእናታችሁ የሰርግ ቀን ዘፈን ግን ከዚያች ሚሞሪ ውጭ የትም የለም።

ለቸኮለ ሰው

ኮምፒዩተሩ ደካማ፣ ዘፈኑ በፎልደር ብቻ ያለ ከሆነ፦ ኦዴሺየስ።
ዘፈኑ ታግ ያለው፣ ቀላል ነገር የምትፈልጉ ከሆነ፦ ሪትምቦክስ።
ብዙ ዘፈን ያላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ የምታስተካክሉ ከሆነ፦ ስትሮውቤሪ።
የምታጠኑበት ቀረጻ ወይም የድሮ ስልክ ድምፅ ከሆነ፦ ቪኤልሲ።

ሁሉም ነጻ ስለሆኑ ሁለቱን ጭናችሁ ሳምንት ሞክሩ፤ ያልተመቻችሁን አጥፉት። ከዚያ በፊት ግን መሳቢያ ውስጥ የቀረች የድሮ ሚሞሪ ካለች ዛሬውኑ አውጥታችሁ ገልብጧት። ሚሞሪ ሳይጠቀሙበት ስለተቀመጠ ብቻ ዕድሜው አይረዝምም።